ከሆሳዕና ሐምበሪቾ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

ሆሳዕና ውስጥ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አስቁማችሁ ወደ ደቡብ አፍሪካ በየት በኩል እንደሚኬድ ብትጠይቁት ሳያቅማማ ይነግራችኋል። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። የቱ ጋ በእግር፣ የቱ ጋ በጭነት መኪና እንደሚታለፍ ያውቃል፤ ከወንድሙ ሰምቶታል፣ ወይም ከጎረቤት ልጅ። ያንኑ ተማሪ ሐምበሪቾ ተራራ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቁት። "እኔ እንጃ" ይላችኋል።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። እኛ የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች (ሁለታችን የሆሳዕና ልጆች ነን) ባለፈው ዓመት ከመስከረም እስከ ሰኔ ከአንድ አነስተኛ የስካውት ቡድን ጋር በየወሩ ከከተማ ስንወጣ ከረምን። ሃያ ሦስት ልጆች፣ ከነሱም ዘጠኙ ሴቶች። በመንገድ ላይ ደጋግመን የተነጋገርነው ግን ስለ ቋጠሮና ስለ ድንኳን አልነበረም። ከእነዚህ ልጆች በፊት የዚህችን አገር ወጣት ከክፍል አውጥቶ ገጠር ለገጠር ያስኬደው ማን ነው? ለምንስ?

ከሩቁ እንጀምር። ስካውትን የጀመረው ባደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ የሚሆኑ ልጆችን ይዞ ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ሰፈረ። በዚያ ሰፈር ድሃና ሀብታም ልጆች ባንድ ድንኳን ማደራቸው ለዘመኑ እንግሊዝ ትልቅ ነገር ነበር። ሰውየው ፈለግ ማንበብን፣ ሳይታዩ ማየትን፣ በጨለማ መንገድ መለየትን ያዳበረው ግን በደቡባዊ አፍሪካ የቅኝ ግዛት ጦርነቶች ውስጥ ነው። ከልጆቹ መጽሐፍ በፊትም ለወታደሮች የጻፈው የቅኝት መመሪያ ነበረው። እናም የስካውት ጨዋታ ከሥሩ ትንሽ የባሩድ ሽታ አለው። (በነገራችን ላይ ባደን ፓወል ያረፈው እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ኒየሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1941። ከ12 ቀን በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ድንበር ረገጡ።)

ወደኛ አገር ስካውት የገባው ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ከነጻነት በኋላ አድጎ የኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለም አቀፉ ድርጅት አባል ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ ከዚያ ማዕድ ተነሣ፤ ተመልሶ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በመካከል ሦስት አሥርት ዓመት ገደማ አለ። የአንገት ሻርፕ ያላሰረ ትውልድ ማለት ነው። ያ ትውልድ ግን ካኪ ሳይለብስ አላለፈም፤ ወሬያችን የሚጠነክረውም እዚህ ጋ ነው።

ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 "እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ" ተጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር፣ ባጠቃላይ 60 ሺህ ያህል ሰው ወደ ገጠር ተበተነ። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ በጭነት መኪና ተጭኖ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው ወረዳ ወረደ። ሰፈር ነበረው፣ ዩኒፎርም ነበረው፣ መዝሙር ነበረው። ከውጭ ለሚያይ ሰው የስካውት ካምፕ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ልዩነቱ ወዲያው ታየ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሀብት ሆኖ ታወጀ፤ ዘማቹም ገበሬውን በማኅበር የማደራጀት ሥራ ተሰጠው። እንደ ሀዲያና ከምባታ ባለ አገር፣ የገባር ሥርዓት ለትውልዶች በቆየበት ምድር፣ ይህ አዋጅ ምን ማለት እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ትናንት የባለመሬቱን እህል ተሸክሞ የሚያደርስ ጭሰኛ ዛሬ መሬቱ የራሱ ሆነ ሲባል የሚሰማው ከማን ነው? ከሃያ ዓመት ልጅ። ልጁ ደግሞ የመጣው ግማሹን ለማስተማር፣ ግማሹን አብዮት ለማካሄድ ነው። በተለይ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ዘማቾች ከፖሊስና ከአካባቢ ባለሥልጣናት ጋር ተጋጩ። መንግሥት ካሰበው በላይ ሄዱበት፤ መንግሥትም የላካቸውን ልጆች መልሶ ማሰር ያዘ። ብዙዎቹ ዘመቻው ሳያልቅ ጥለው ወጡ። ከእነሱ መካከል ስንቱ በቀጣዮቹ የቀይ ሽብር ዓመታት እንደቀረ ወላጆቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩታል።

ደርግ ግን ተማሪ መላኩን አልተወም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። በሂደት ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች ሁለቱ ሀዲይኛና ከምባትኛ ናቸው። በዚያ ዘመን በግዕዝ ፊደል ተጻፉ፤ ዛሬ የሁለቱም ልጆች በላቲን ፊደል ይማሯቸዋል። ስለ ደርግ መልካም ነገር ማውራት ለኛ አይቀናንም፤ ይህን ግን መካድ አንችልም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወጣቱ ሁለቴም በገፍ ከክፍል ወጣ፤ ሁለቴም የወጣው መንግሥት ስለፈለገው ነው። ለመሬት አዋጅ ወጣ። ለፊደል ወጣ። አገሩን ለማየት ብቻ ብሎ የወጣበት ጊዜ አለ?

ለዚህ ነው የቡድናችን የመጀመሪያ ጉዞ ያሳቀን። በመስከረም፣ ያሆዴ አልፎ አተካናው ከሆድ ሳይወጣ (ቡላ፣ ቅቤና ወተት አንድ ላይ የሚሠሩትን ተአምር ያልቀመሰ ይቅመስ)፣ ከከተማ ወጣ ብለን በእንሰት ማሳዎች መካከል ተሰልፈን ስንሄድ አንድ አዛውንት አስቆሙን። "ምን ጠፍቷችሁ ነው? ከብት ነው?" አሉ። ልጆቹ በሀዲይኛ "አባባ፣ ምንም አልጠፋንም፣ ዝም ብለን ነው የምንሄደው" ሲሏቸው አላመኑም። እስክንርቅ ቆመው አዩን። ልክ ናቸው። በእሳቸው ዕድሜ በዚያ መንገድ ተሰልፎ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ የሚፈልገው ነገር ነበረው።

በጥር ቦዮ ሐይቅ ሄድን፣ ሻሾጎ። ቦዮ ጥልቀት የሌለው፣ ከዝናቡ ጋር የሚሰፋና የሚጠብ ውሃ ነው። በበጋ ወራት ከሰሜን የዓለም ክፍል የሚሰደዱ ወፎች ያርፉበታል፤ የአገራችን ክሬኖችም አሉበት። ጉማሬም አለ፤ ለዚህም ነው ድንኳናችንን ከዳር ርቀን የተከልነው። ቋጠሮ በማሰር ከሁሉም የበለጡት ከገጠር መጥተው ከዘመድ ጋር እየኖሩ የሚማሩ ሁለት ልጆች ነበሩ። ከብት ጠብቀው ስላደጉ ባደን ፓወል በመጽሐፍ ያስተማረውን እነሱ በሰባት ዓመታቸው ጨርሰውታል። የከተማ ልጆቹ "ባላገር" እያሉ ሲያሾፉባቸው የከረሙ ናቸው፤ ከቦዮ በኋላ ያ ቃል ጠፋ።

ሐምበሪቾን የወጣነው በመጋቢት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አሁን 777 ደረጃ ተሠርቶለታል፤ ፎቶ የሚያነሳውም በዝቷል። ደረጃውን ስንወጣ ስለ ከምባታ ነገሥታት ተነጋገርን። ንጉሡ "ወማ" ይባላል፤ የመጨረሻው ወማ ድልባቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ጦር ተሸነፈ። ከልጆቹ አንዷ ከሀዲያ ነገሥታትስ የምናውቀው ማንን ነው አለች። ንግሥት እሌኒን አነሳንላት። የሀዲያ ገራድ ልጅ፣ የአፄ ዘርአ ያዕቆብ ባለቤት፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በልጅ ንጉሥ ስም አገር ስትመራ ማቴዎስ የተባለ መልእክተኛ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ላከች። ሰውየው በህንድ ዞሮ ነው ሊዝበን የደረሰው። ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ "ትምህርት ቤት ለምን አልነገሩንም?" ብላ ቀሪውን ደረጃ ዝም ብላ ወጣች።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አጆራ። አጃጮና ሶኬ የተባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ገደል የሚወርዱበት፣ ጠምባሮና ወላይታ የሚገናኙበት ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ሁለት ክልሎች የሚገናኙበት ሆኗል፤ ወዲህ ያለው ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ወዲያ ያለው ደቡብ ኢትዮጵያ። ከማዶ ለሽርሽር የመጡ የወላይታ ተማሪዎች አግኝተን ምሳ አብረን በላን። ቆጮው የማን ይበልጣል በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።

አጆራ ላይ ስንቆጠር ግን ሃያ ሁለት ነበርን። አንዱ፣ ካርታ በማንበብ ከሁሉም የሚሻለው፣ ከየካቲት ጀምሮ አልመጣም። ቤተሰቡ ማላዊ ደርሷል አሉ። ደላላው ስንት እንደተከፈለው፣ የትኛው መሬት እንደተሸጠ አልጠየቅንም፤ እዚህ አገር ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ልጆቹ ግን ያስታውሱናል፦ መጋቢት 15 ቀን 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ ከአንድ ኮንቴይነር 64 አስከሬን ወጥቷል፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ልጁም ያውቅ ነበር። በየግድግዳው "ሕገወጥ ስደት ይገድላል" ብሎ የሚለጥፍ አካል ልጆቹ ያልሰሙ ይመስለዋል። እኛ ስካውት ስደትን ያስቀራል ብለን አንዋሽም፤ ሥራ አይፈጥርም፣ መሬት አያድልም። ግን አንድ ልጅ እግሩ ሀገሩን ሳያውቅ ከድንበር መውጣቱ ቅር ይለናል፤ ቦዮን አይቶ መሄዱ ደግሞ በሆነ መንገድ ያጽናናናል።

በሰኔ ዝናቡ ስለጠነከረ አልወጣንም። አንድ ክፍል ለምነን ልጆቹ የዓመቱን ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉ። ጢያ ሳንሄድ ቀረን፤ 36ቱን ትክል ድንጋዮች ለማየት የትራንስፖርቱ ዋጋ አልተቻለም። ለመስከረም ይዘነዋል፣ ከያሆዴ በኋላ። በቡታጅራ መንገድ ላይ ያላችሁና መኪና ያላችሁ ወዳጆች ካላችሁ አሳውቁን። ሃያ ሁለት ልጆች ነን፣ ድንኳኑ የራሳችን ነው።