ሰዓት እላፊና ዳንኪራ

ባለፈው ቅዳሜ እንጦጦ ማርያም ወጥተን፣ ሸገርን ቁልቁል እያየን፣ የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» ከፈትን። አንዳችን «ዲስኮ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ጃዝ ነው እንጂ!» አለች። ክርክሩ ጦፈ።

ሁለቱም ብዙ አልተሳሳቱም። ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1979 «ዘ ዎል» ላይ የዲስኮ ምት ያስገባው በፕሮዲውሰሩ በቦብ ኤዝሪን ጉትጎታ ነው። የእኛዎቹን የጎተጎታቸው ሰዓት እላፊ ነበር። በደርግ ዘመን ማታ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጫ የለውም፤ ባንዱም እስኪነጋ ማስጨፈር ነበረበት። የዲስኮ ወላጆች ፋንክና ሶል፣ ጃዝና የአገር ቤት ቅኝት በአንድ ሌሊት ተቀላቀሉ። የሂልተኑ ዋልያስ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው»፣ ሙላቱ አስታጥቄም የተጫወተበት፣ የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ተሻገረ። ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ገሚሱ እዚያው ቀረ፤ ኃይሉም ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። «ቼ በለው» በ2014 ዳግም የታተመው በአሜሪካ አሳታሚ ነው። እኛም የሰማነው ያኔ ነው።

የወላጆቻችንን ዳንኪራ ከፈረንጅ መዋስ አያስተዛዝብም ትላላችሁ? እስቲ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቋቸው፦ «በሰዓት እላፊ የት ነበር የምታነጉት?»