የብርሃን አጣጣል
ለአስቸጋሪ መንገድ ተሽከርካሪ መብራት ስለ መምረጥ የቀረበ የቃል ማብራሪያ

ከአስፋልት ወጥቶ በጠጠርና በአሸዋ፣ በወንዝ ዳርና በገደል አፋፍ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ተጨማሪ መብራት ሊገዛ ወደ መለዋወጫ ሱቅ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ሲሆን፣ የኤልኢዲ መብራት ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ «ስንት ሉመን ነው?» የሚለው ጥያቄ ተጨምሮበታል። ጥያቄዎቹ ከንቱ አይደሉም፤ ነገር ግን በጽልመት ውስጥ በሩቁ ያለውን ጉድጓድ ወይም በመንገዱ ላይ የተኛውን ከብት ሹፌሩ በጊዜ ያየው ዘንድ የሚያስችለው ከዋቱም ከሉመኑም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጠባይ ነው። ይህን ጠባይ የውጭ አገር ባለሙያዎች «ቢም ፓተርን» ይሉታል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «የብርሃን አጣጣል» ብለን ተርጉመነዋል።

የብርሃን አጣጣል ማለት ከመብራቱ የሚወጣው ጨረር ወዴት እንደሚያመራ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ ወደ ላይ እስከ የት ከፍ እንደሚል፣ እንዲሁም በየትኛው ስፍራ በርትቶ በየትኛው ሳስቶ እንደሚያርፍ የሚገልጽ ቃል ነው። «የጨረር ቅርጽ» ወይም «የብርሃን ሥርጭት» ማለትም ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን ቅርጽ የጨረሩን ጠርዝ እንጂ በውስጡ ያለውን የብርታትና የድካም ልዩነት አይነግረንም፤ ሥርጭትም በሬዲዮና በኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ ተይዞ የራሱን ትርጓሜ አግኝቷል። «የግብር አጣጣል» ስንል ሸክሙ በማን ላይ ምን ያህል እንደሚያርፍ መጠየቃችን ስለ ሆነ፣ ብርሃንም በየትኛው ስፍራ ምን ያህል እንደሚያርፍ ለመጠየቅ ይኸው ቃል የተስማማ ነው።

ሉመን ከመብራቱ የሚወጣውን ብርሃን በጠቅላላው፣ ወዴትም ቢሄድ፣ የሚሰፍር መለኪያ ነው። ካንዴላ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ጨረር ብርታት ይለካል፤ ሉክስ ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ስፍራ ላይ ያረፈውን ብርሃን ብቻ ይቈጥራል። አንድ እንስራ ውሃ በአውድማ ላይ ቢደፋ አፈሩን አርጥቦ ሲቀር፣ በጠባብ ቦይ ቢለቀቅ ግን እስከ ማሳው ዳር እንደሚደርስ፣ ሉመናቸው እኩል የሆነ መብራቶችም እንደ አጣጣላቸው አንዱ ቅርብ ሌላው ሩቅ ይሆናሉ። በአኃዝ ለማስረዳት ያህል፣ እያንዳንዳቸው 5,000 ሉመን የሚሰጡ ሁለት መብራቶችን እናስብ፤ የአንደኛው ጨረር በ10 ዲግሪ ተሰብስቦ፣ የሁለተኛው በ60 ዲግሪ ተዘርግቶ ቢወጣ፣ ብርሃኑም ሳይባክን በዚያ ውስጥ በእኩልነት ቢከፋፈል፣ የፊተኛው ብርታት ወደ 209,000 ካንዴላ ሲደርስ የኋለኛው 6,000 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 100 ሜትር ርቆ ባለ ድንጋይ ላይ የፊተኛው 21 ሉክስ ያህል ሲያሳርፍ፣ የኋለኛው የሚያሳርፈው ከ0.6 ሉክስ አይበልጥም፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሉመን ቍጥር ግን በሁለቱም አንድ ነው። በዚያም ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ቍጥር ጥቃቅኖቹ የኤልኢዲ አምፖሎች በስሌት ይሰጣሉ የተባለው እንጂ ከመስታወቱ አልፎ በእውነት የወጣው አይደለም።

ጠንቃቃ አምራቾች ስለ አጣጣሉ የሚያስረዳ ሥዕል ከመብራቱ ጋር ያወጣሉ፤ በዚያም ላይ «1 ሉክስ በይህን ያህል ሜትር» የሚል አኃዝ ይገኛል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ የሚወርድ ስለ ሆነ፣ ይህን አኃዝ ማንበብ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሙሉ ጨረቃ በጠራ ሰማይ በምድር ላይ የምታሳርፈው ብርሃን ሩብ ሉክስ ያህል ነውና፣ 1 ሉክስ የዚያ አራት እጥፍ ብቻ ነው፤ አንድ ነገር መኖሩን ያስጠረጥር እንደ ሆነ እንጂ ምን እንደ ሆነ ለሚጣደፍ ሹፌር አያስለይም። ከላይ የጠቀስነው 209,000 ካንዴላ ያለው መብራት 1 ሉክስ የሚያደርሰው 457 ሜትር ድረስ ሲሆን፣ 5 ሉክስ የሚያደርሰው ግን እስከ 204 ሜትር ብቻ ነው፤ እኔ ገዢው የሚተማመንበት ይህ ሁለተኛው ርቀት እንዲሆን እመክራለሁ።

ምን ያህል ርቀት ያስፈልጋል ቢባል፣ መልሱ ከፍጥነት ይገኛል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ሹፌሩ አይቶና አስተውሎ ፍሬን እስኪረግጥ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 33 ሜትር ያልፋል፤ በጠጠር ላይ ደግሞ እስኪቆም ከ60 ሜትር በላይ ይንሸራተታል፤ በድምሩ 100 ሜትር ያህል ማለት ነው። አጭሩ መብራት ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ግን በአብዛኛው ከ50 እስከ 60 ሜትር ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ሌሊት የሄደ ሰው ይህን ስሌት ያለ አስረጂ ያውቀዋል፤ አጭሩ መብራት ዝቅ ብሎ የሚያርፍ በመሆኑ፣ መንገድ የምታቋርጥ ግመል በሩቁ ብትታይ የምትታየው ቀጫጭን እግሮቿ ብቻ ናቸው፤ ሰውነቷ ከብርሃኑ ጠርዝ በላይ፣ ከአሸዋው ጋር በተመሳሰለ ቀለም በጨለማው ውስጥ ይቀራል።

በዚህ ምክንያት በሜዳማና ቀጥ ባለ መንገድ ለሚፈጥን ሰው ጠባብ አጣጣል ያለው፣ «ስፖት» የሚባለው መብራት ሲያስፈልገው፣ በገደልና በጫካ ውስጥ በዝግታ እየተጠማዘዘ ለሚወጣ ሰው ግን ይኸው ጠባብ ጨረር ኩርባው ባለበት ሳይሆን በባዶው ሸለቆ ላይ ስለሚያበራ፣ ወደ ጐን የሚዘረጋ ሰፊ አጣጣል ይበጀዋል። ሁለቱንም ዓይነት ጉዞ የሚያደርግ ሰው አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ አጣምሮ ቢያስገጥም፣ ወይም በሁለቱ መካከል ያለውን «ድራይቪንግ» የተባለውን አጣጣል ቢመርጥ መልካም ነው።

ብርሃን በበዛ ቍጥር ማየት ይበዛል የሚለው አሳብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ሥር የሰደደ ቢሆንም፣ የዐይን ተፈጥሮ ይህን አይቀበልም። ከኮፈኑ ፊት ያለው 10 እና 20 ሜትር መሬት እንደ ቀትር ቢደምቅ፣ የዐይን ብሌን ለዚያ ድምቀት ትጠብና በሩቅ ያለው ደካማ ብርሃን ከቀድሞው ይልቅ ይሰወርባታል። በፖርቶመጋላ ላይ የሚታሰረው ረጅም የኤልኢዲ ዘንግ በዚህ ረገድ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ባለንብረቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶበት፣ ብርሃኑ በመጀመሪያ በራሱ መኪና ኮፈን ላይ አርፎ ነጸብራቁ ወደ ሹፌሩ ዐይን ይመለሳል፤ ነጭ ኮፈን ያለው ላንድክሩዘር ሲሆን ደግሞ የከፋ ይሆናል። ዘንጉን ወደ ኋላ ገፍቶ ማሰር ወይም ኮፈኑን ጥቁርና የማያንጸባርቅ ቀለም መቀባት ችግሩን ያቀልለዋል።

በአቧራና በጭጋግ ጊዜ ይህ ጕዳት ይበዛል፤ በአየር የተንሳፈፈው ደቃቅ ነገር ሁሉ ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሰዋልና፣ መብራቱ ለሹፌሩ ዐይን በቀረበ መጠን ተመላሹ ነጸብራቅ ይጸናል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ ረጅም መብራቱን ያበራ ሹፌር ከፊቱ ነጭ ግድግዳ እንጂ መንገድ አያይም። ለዚህ የተሠራው የጭጋግ መብራት ከባምፐር ሥር ዝቅ ብሎ የሚገጠም፣ ወደ ጐን ሰፊ፣ ከላይ ግን እንደ ተቈረጠ ቀጥ ብሎ የሚያልቅ አጣጣል ያለው ነው። ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ አንሥቶ እስከ 1993 ድረስ የመኪና የፊት መብራት ቢጫ እንዲሆን በሕግ ታዝዝ ነበር፤ ቢጫ ብርሃን ዐይንን እንደሚያሳርፍ ብዙዎች ይመሰክራሉ፤ ጭጋጉን የሚያሸንፈው ግን ከቀለሙ ይልቅ የመብራቱ ዝቅታና የአጣጣሉ ጠርዝ ነው።

ለአውሮፓ መንገድ የተፈቀደ መብራት በመስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የሚባለው የላቲን ፊደል፣ ከአጠገቡም እንደ 17.5 ወይም 37.5 ያለ ቍጥር ተቀርጾበት ይገኛል። በአንድ ጊዜ የሚበሩት የረጅም መብራቶች ቍጥር ተደምሮ ከ100 እንዳያልፍ ደንቡ ያዛል፤ 100 የሚባለውም 430,000 ካንዴላ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ይህን ምልክት በጣት እየነኩ ማንበብ ከካርቶኑ ማስታወቂያ ይልቅ የታመነ ማስረጃ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ጥቂት ልበል። 100 ዋት የሆኑ ሁለት ሃሎጂን መብራቶች በ12 ቮልት 17 አምፔር ያህል ስለሚስቡ፣ ይህ ሁሉ በዳሽቦርዱ ማብሪያ ሊያልፍ አይገባም፤ በሪሌ በኩል፣ ለባትሪው የቀረበ ፊውዝ ተደርጎለት፣ በወፍራም ሽቦ ይዘርጋ። ሽቦው ቀጭን ሆኖ ቮልቴጁ አንድ አሥረኛ ቢጐድል የሃሎጂን ብርሃን ሠላሳ በመቶ ያህል ይጐድላል። የሪሌውም ትእዛዝ ከረጅሙ መብራት ይወሰድ፤ ተቃራኒ መኪና ሲመጣ ሹፌሩ ወደ አጭር በመለሰ ጊዜ ተጨማሪዎቹም አብረው ይጠፋሉ።

መብራቱ ከተገጠመ በኋላ የሚስተካከለው መኪናው ለጉዞ እንደሚጫነው ተጭኖ፣ ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ድንኳኑና ትርፍ ጎማው በቦታቸው ሆነው ነው። ባዶውን በጋራዥ የተስተካከለ መኪና ሲጫን ኋላው ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ይላል፤ ጨረሩ በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢቃና በ100 ሜትር ላይ 1.75 ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል፤ በመንገዱ ላይ የተኛው ከብትም ከጨረሩ በታች ይቀራል።