የባንክ ሂሳብ «ዕቃ» የሆነበት ዓመት

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ህንድ አንድ የሕግ አንቀጽ ላውራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው።)

የህንድ የ1973 የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 102፣ ፖሊስ ተሰርቋል ወይም ከወንጀል ጋር ተያይዟል ብሎ የጠረጠረውን ንብረት እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር። ሥሩ እንግሊዞች ያወጡት የ1898ቱ ሕግ ነው። ያኔ የተሰረቀ ንብረት ሲባል በሬ ነው፣ ጌጥ ነው፤ በእጅ የሚያዝ ነገር።

ታዲያ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብስ? ከፍተኛ ፍርድ ቤቶቹ በዚህ ተለያዩ። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ሂሳብ በዚህ አንቀጽ አይያዝም» አለ። የማሃራሽትራ መንግሥት ይግባኝ ጠየቀ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1999 ውሳኔውን ሻረው፦ የባንክ ሂሳብም ንብረት ነው፣ ፖሊስ ሊያግደው ይችላል። ልብ በሉ፣ ጉዳዩ የሙስና እንጂ የሳይበር አልነበረም። ተጠርጣሪው የመንግሥት ሠራተኛ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። በ2016 ዩፒአይ መጣ፣ ሻይ ሻጩ ሳይቀር በስልክ ይቀበል ጀመር። አጭበርባሪ የዘረፈውን በደቂቃዎች ውስጥ ከሂሳብ ሂሳብ ያዘዋውራል፤ ፖሊስ ዱካውን ይከተልና ያገኘውን ሁሉ ያግዳል። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ዕቃ ሸጦ ዋጋውን የተቀበለ ምስኪን ባለሱቅ ሊኖር ይችላል። ያገደው ፖሊስ ያለው ሌላ ግዛት፣ የታገደው ደግሞ የጠቅላላ ሂሳቡ ገንዘብ! እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። የ1999ኙ ፍርድ ትክክል ይመስለኛል፣ ግን «እስከ ስንት ብር?» የሚለውን ሳይመልስ አለፈ።

መፍትሔውም የነበረው እዚያው አሮጌ ሕግ ውስጥ ነው። በ1978 ማሻሻያ፣ ፖሊስ የያዘውን ንብረት ሳይዘገይ ለዳኛ ሪፖርት ያድርግ የሚል ግዴታ ተጨመረ። ፖሊስ ይህን ከዘለለ ለጠበቃ ትልቅ መከራከሪያ ነበር። በአንቀጽ 457 ባለሂሳቡ «ይለቀቅልኝ» ብሎ ለዳኛው ያመለክት ነበር። ካልሆነም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 226 ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2023፣ እገዳው ፖሊስ በጠቀሰው የገንዘብ መጠን ብቻ ይወሰን ብሎ ባንኮችን አዟል።

በጁላይ 2024 አዲስ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። 102 ተብሎ የምናውቀው 106 ሆነ፣ 457ም 503 ሆነ። አዲሱ 107 ደግሞ የወንጀል ፍሬ የሆነ ንብረት በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲያዝ ይላል። ፖሊስ በ106 ብቻውን ያግድ ወይስ በ107 ዳኛ ያስፈቅድ የሚለው አሁን ዋናው ሙግት ነው።

ህንድ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ እንዲህ ከገጠማችሁ መጀመሪያ ባንኩን የእገዳውን ደብዳቤ ጠይቁ፦ የትኛው ጣቢያ፣ የመዝገብ ቁጥሩ ስንት፣ መጠኑ ስንት። ያለዚያ የትኛው ዳኛ ጋ እንደምትሄዱ እንኳ አታውቁም።