ክሽክሽ

ክሽክሽ፦ ከቅጠል ጀርባና ከለጋ ቀንበጥ ላይ ተሰብስቦ በሹል አፉ የተክል ፈሳሽ የሚመጥ፣ ከስንዴ ቅንጣት የሚያንስ ነፍሳት። ገበሬው በአተርና በስንዴ ማሳው ያውቀዋል። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ፒያሳ ለምንመላለስ ግን ቃሉ እንግዳ ነው፤ የመንገድ ዳር ዛፍ ሲጠወልግ «ውሃ ጠማው» ብለን እናልፋለን።

ምልክቱን ማየት አያስቸግርም። ከዛፉ ሥር የቆመ መኪና መስታወት ያጣብቃል፤ ክሽክሹ ከመጠጠው ስኳር የተረፈውን ያንጠባጥባልና። ጉንዳን ጣፋጩን ፍለጋ ግንዱን ይመላለሳል፤ ቅጠሉን ጥቁር ሻጋታ ይለብሰዋል። ያኔ ቅጠሉን ገልብጡ።

ጠንካራ መርዝ ለመርጨት አትቸኩሉ፤ ክሽክሹን የሚበላውን ባለነጠብጣብ ጥንዚዛም ይፈጃል። መጀመሪያ በውሃ ግፊት እጠቡት፤ ካልበቃ ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ የቅጠሉን ጀርባ እስኪነካ ድረስ ርጩ። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ድገሙት።

የፈረንጅ ጥድ አጥር ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። የጥድ ክሽክሽ በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ታይቶ ወደ ኬንያ፣ ኋላም ወደ ኢትዮጵያ ዘልቋል፤ ዛፉን እስከ ማድረቅ ይደርሳል። በማላዊና በኬንያ ክሽክሹን የምትገድል ትንሽ ተርብ ለቀውበታል። አጥራችሁ ከውስጥ በኩል ቡናማ መሆን ከጀመረ ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ ቅርፊቱን ፈትሹ።