ሰማይን ያረሱ መሐንዲሶች

ሰሞኑን አንድ ወጣት በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የሚኖረው አሜሪካ ነው፤ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ይማራል፤ ሁለተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ነው። ጥያቄው አጭር ናት፦ «አስትሮኖሚን ማይነር ልያዘው ወይስ ይቅርብኝ?» ማይነር ማለት ከዋናው ትምህርት ጎን የሚወሰድ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ዘርፍ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ኮርስ ይሆናል። ልጁ ፍላጎቱ አለው። ያልተዋጠላቸው እናቱ ናቸው። «እኔ ቀን ከሌት ቆሜ የምሠራው አንተ ኮከብ ቆጣሪ እንድትሆን ነው?» ብለውታል።

መልእክቱን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቆይቼ ግን የእናትየው ነገር ከነከነኝ። በእኛ ቤት «ኮከብ ቆጣሪ» ሲባል ትዝ የሚለን ቴሌስኮፕ አይደለም፤ ስምህንና የእናትህን ስም ደምሮ ዕጣህን የሚነግርህ ሰው ነው። «ሥነ ፈለክ» የሚለው ቃል ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ እንጂ ሳሎን ውስጥ የለም። በዚያ ላይ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት አለን። የማይታረስ ነገር ደግሞ እንጀራ አይሆንም። የእናትየው ክርክር በሙሉ እዚህች ተረት ውስጥ ተጠቅልሏል።

ለልጁ በሁለት መስመር መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ ታሪክ ልንገረው፤ እናንተም አብራችሁ ስሙ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ አራቱ ደቂቃዎች

በ1928 ካርል ጃንስኪ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት በአሜሪካ የቤል ስልክ ቤተ ሙከራ ተቀጠረ። የተማረው ፊዚክስ ነው፤ የተቀጠረበት ሥራ ግን የሬዲዮ ኢንጂነር ሥራ ነበር። በዚያን ዘመን ከአሜሪካ አውሮፓ ስልክ የሚደወለው በሬዲዮ ሞገድ ነው። መስመሩ ላይ ጫጫታ እየገባ ንግግሩን ያበላሸዋል። ለጃንስኪ የተሰጠው የቤት ሥራ «ይህ ጫጫታ ከየት ነው የሚመጣው?» የሚል ነበር። ስለ ኮከብ ያነሳበት ሰው የለም።

ጃንስኪ ኒው ጀርሲ ውስጥ ሆልምዴል በሚባል ቦታ፣ ሜዳ ላይ፣ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም አንቴና ሠራ። አንቴናውን ያስቀመጠው በፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ጎማዎች ላይ ነው። በየ20 ደቂቃው አንዴ ዙሪያውን ይዞራል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ማዳመጥና መመዝገብ ጀመረ።

ሦስት ዓይነት ጫጫታ አገኘ። አንደኛው የቅርብ መብረቅ ነው። ሁለተኛው የሩቅ መብረቅ ነው። ሦስተኛው ግን ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ምንጩ የማይታወቅ ሽሽታ ነበር። መጀመሪያ ከፀሐይ የሚመጣ መሰለው፤ ምክንያቱም በቀን አንዴ ከፍ ብሎ ይመለሳል፣ አቅጣጫውም ከፀሐይ ጋር ይቀራረብ ነበር። ወራት ሲያልፉ ግን ሽሽታው ከፀሐይ እየራቀ ሄደ። ተመልሶ የሚመጣው በ24 ሰዓት ሳይሆን በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ይህችን የአራት ደቂቃ ልዩነት ምን ትርጉም እንዳላት ለጃንስኪ የጠቆመው ሜልቪን ስኬሌት የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው። ስኬሌት እዚያው ቤል ቤት ኢንጂነር ሆኖ እየሠራ፣ ጎን ለጎን በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ፈለክ ይማር ነበር። ልብ በሉ! ቀን ኢንጂነር፣ በትርፍ ሰዓቱ የሰማይ ተማሪ። ሥነ ፈለክ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው የነገረው፦ ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው። ከፀሐይ አንጻር 24 ሰዓት የሚሆነው እኛ ፀሐይንም ስለምንዞር ነው። አራቷ ደቂቃ ስትጠራቀም በወር ሁለት ሰዓት ትሆናለች። የገጠር ሰው በክረምትና በበጋ ማታ ማታ የሚያየው ኮከብ የተለያየ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ሽሽታው ከፀሐይም ከምድርም አይደለም፤ ከከዋክብት ዘንድ ነው። ጃንስኪ አቅጣጫውን ሲያሰላ ወደ ፍኖተ ሐሊብ መሐል ወሰደው። በግንቦት 1933 ዜናው በኒው ዮርክ ታይምስ የፊት ገጽ ወጣ። የሬዲዮ አስትሮኖሚ የሚባለው ሳይንስ የተወለደው ያኔ ነው። የተወለደውም ከአንድ የስልክ ኩባንያ የጥራት ችግር ነው። አንቴናውን መሐንዲስነት ሠራው፤ ትርጉሙን ግን አንድ መጀመሪያ ዓመት ላይ የሚሰጥ የሥነ ፈለክ ትምህርት ሰጠው።

▪️ እናትየው የሚያሸንፉበት ቦታ

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ለልጁ ደስ ይለው ነበር። ግን እውነቱን ማጉደል ይሆንብኛል። ጃንስኪ 30 ሜትር ስፋት ያለው ትልቅ ሳሕን አንቴና ተሠርቶለት ጥናቱን መቀጠል ፈልጎ ነበር። ኩባንያው ጥያቄውን አግኝቷል፦ ጫጫታው ስልኩን የሚያቋርጥ አይደለም። በቃ። ጃንስኪን ወደ ሌላ ሥራ አዞረው። በ1950 በ44 ዓመቱ ሲሞት ሬዲዮ አስትሮኖመር ሆኖ የኖረ ሰው አልነበረም። ዛሬ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ጥንካሬ የሚለካበት መለኪያ «ጃንስኪ» ተብሎ ይጠራል። ክብሩ መጣ፤ ሰውየው ግን አላየውም።

የእሱን ሥራ ያነሳው ሌላ መሐንዲስ ነው። ግሮት ሪበር በ1933 ቺካጎ ከሚገኘው የአርመር የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመረቀ። ከጃንስኪ ጋር መሥራት ፈልጎ ቤል ቤት አመለከተ፤ ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነበርና ሥራ አላገኘም። ምን አደረገ? በ1937 ዊተን በምትባል የኢሊኖይ ከተማ በቤቱ ጓሮ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ያለው ሳሕን አንቴና በራሱ ገንዘብና በራሱ እጅ ሠራ። ቀን ቺካጎ ሬዲዮ ኩባንያ ውስጥ ይሠራል፤ ሌሊት ያዳምጣል። ሌሊቱን የመረጠው ቀን ቀን የመኪና ሞተር የሚረጨው ብልጭታ መሣሪያውን ስለሚረብሸው ነው።

መጀመሪያ የሞከረው ሞገድ ምንም አልሰጠውም። ሁለተኛውም ምንም። በሦስተኛው፣ በ160 ሜጋኸርዝ፣ ሰማዩ መለሰለት። በ1944 ያሳተመው የሬዲዮ የሰማይ ካርታ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። ለአሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዓለም ላይ ይህን ሥራ ብሎ የያዘ ሰው እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የከፈለው ግን የለም። ሲያበላው የኖረው የኢንጂነሪንግ ሙያው ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እናትህ በከፊል ትክክል ናቸው። ሰማይ እነዚህን ሁለት ሰዎች አላበላቸውም። ልብ ብለህ ካየኸው ግን ታሪኩ «ሰማይን ተው» አይልህም። የሚልህ «በአንዱ እጅህ ሙያህን ይዘህ በሌላው ሰማይን ያዝ» ነው። ማይነር ማለት ደግሞ በትክክል ይኸው ነው።

▪️ እንጀራውስ መጣ ወይ?

መጣ። ግን ማንም ባልጠበቀው በር ነው የገባው።

በ1964፣ እዚያው ሆልምዴል፣ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ለሳተላይት መገናኛ የተሠራ የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴና ላይ ይሠሩ ነበር። በጠቆሙበት አቅጣጫ ሁሉ፣ ቀንም ሌሊትም፣ የማይጠፋ ሽሽታ አገኙ። ውስጡ ጎጆ የሠሩ እርግቦችን አስወጡ፤ ኩሳቸውን ጠረጉ። ሽሽታው አልጠፋም። ሌላ መሐንዲስ ቢሆን «የመሣሪያ ጉድለት» ብሎ ያልፈው ነበር። እነሱ ግን ሬዲዮ አስትሮኖሚ የተማሩ ስለነበሩ አልለቀቁትም። ከፕሪንስተን ሳይንቲስቶች ጋር ሲነጋገሩ ሽሽታው ከዩኒቨርስ አጀማመር የተረፈ ሙቀት መሆኑ ታወቀ። በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ይህም የክብር ታሪክ ነው ካላችሁ፣ የገንዘቡን ልንገራችሁ። ጆን ኦሰሊቫን አውስትራሊያዊ ነው፤ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስና ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማረ። በ1970ዎቹ ከሚፈነዱ ጥቃቅን ጥቁር ጉድጓዶች ይመጣል ተብሎ የታሰበ የሬዲዮ ምልክት ይፈልግ ነበር። አላገኘም። ግን የተበታተነና የደበዘዘ ምልክትን በሒሳብ አጥርቶ የማውጣት ችሎታ አዳበረ። በ1990ዎቹ በአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ድርጅት ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ ችግር ገጠመው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ የሬዲዮ ሞገድ ከግድግዳና ከጠረጴዛ እየነጠረ ይደበዝዛል፤ ኮምፒውተሮች ያለ ገመድ በፍጥነት እንዴት ይነጋገሩ? ያ ከሰማይ የተማረው ሒሳብ መፍትሔው ውስጥ ገባ። በ1996 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት አገኙበት። ዛሬ ዋይፋይ ከምንለው ነገር ጀርባ ካሉት ዋና ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው። ድርጅቱ ከዚህ መብት ከ400 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ አስገብቷል። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ በዋይፋይ ነው የምታነቡት። ሰማዩ ታርሷል፤ ምርቱ እጃችሁ ላይ ነው።

▪️ ወደ እኛ ስንመጣ

እኛም ብንሆን ሰማይን የቆጠርነው ለዕጣ ብቻ አይደለም። የልጁ እናት የሚጾሙት የሁዳዴ ጾም መግቢያው የሚታወቀው በባሕረ ሐሳብ ስሌት ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የፀሐይንና የጨረቃን ዓመት ለማስታረቅ በ19 ዓመት ዙር የተሠሩ ቁጥሮች ናቸው። ይህ በሥራ ላይ የዋለ የሰማይ ሒሳብ ነው። የአባቶቻችን «ማይነር» ብትሉት አልቃወምም።

በእኛ ዘመን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 ሲቋቋም «ለዕለት ጉርሱ ያልበቃ አገር ሰማይ አማረው» የሚል አልጠፋም። ዛሬ እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ ከሥራዎቿ አንዱ እርሻን ከላይ ማየት ነበር። ተረቱን የፈታው ይህ ነው፤ ሰማይ ባይታረስ እንኳ እርሻው ከሰማይ ይታያል። በደቡብ አፍሪካ በረሃማ የካሩ ምድር ደግሞ 64 ሳሕኖች ያሉት ሚርካት የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከ2018 ጀምሮ እየሠራ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ቴሌስኮፑን የሚያይበት ሰው ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ተቀባዩን የሚሠራ፣ ሞተሩን የሚቆጣጠር፣ ሶፍትዌር የሚጽፍ፣ የመጣውን የመረጃ ጎርፍ የሚያጣራም ይፈልጋል። የሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው ደግሞ በሁለቱም ዘንድ ይፈለጋል።

▪️ እንግዲህ ምክሬ

ወንድሜ፣ ያዘው። ግን በሒሳብ ያዘው።

አንደኛ፣ አማካሪህን ዛሬ ጠይቅ። ለኢንጂነሪንጉ የወሰድካቸው ካልኩለስና ፊዚክስ ለማይነሩም ይቆጠራሉ ወይ? ስንት ኮርስ ለሁለቱም እንዲቆጠር ይፈቀዳል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።

ሁለተኛ፣ እስክትመረቅ ያሉትን ሴሚስተሮች በወረቀት ላይ ዘርዝር። ከፍ ያሉ የአስትሮኖሚ ኮርሶች በየሴሚስተሩ ላይሰጡ ይችላሉ፤ አንዱ ካመለጠህ ዓመት ልትጠብቅ ነው። ሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ እንደሚከብድም አትርሳ። በሴሚስተር ከአንድ በላይ አትያዝ።

ሦስተኛ፣ ለአጠቃላይ ዕውቀት ብቻ የሚሰጡትን ቀላል ኮርሶች አታብዛ። ስለ መሣሪያ፣ ስለ ምልከታ፣ ስለ መረጃ ትንተና የሚያስተምሩትን ፈልግ። የመመረቂያ ፕሮጀክትህንም ከዚያው አውጣ። ዛሬ አንድ ተማሪ በቀንድ አንቴናና በርካሽ የሬዲዮ መቀበያ በ1420 ሜጋኸርዝ የጋላክሲያችንን ሃይድሮጅን ማዳመጥ ይችላል። ይህ ለቀጣሪህ የምታሳየው የኢንጂነሪንግ ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ማይነሩ አንድ ሴሚስተር የሚያስጨምርህና ብድር የሚያስገባህ ከሆነ ተወው። ሁለት ጥሩ ኮርስ ውሰድና ተመረቅ። እናትህ ቆመው የሚሠሩበት ሰዓት ለአንድ መስመር ማስረጃ አይከፈልም። ለጃንስኪ የተነገረችው አራት ደቂቃ የመጀመሪያው ኮርስ ውስጥ አለች።

ለእናትህ ደግሞ ክርክር አትግጠማቸው። ኮከብ ልቆጥር አይደለም በላቸው፤ የኢንጂነሪንግ ትምህርቴን አልለቅም በላቸው። ከዚያ አንድ ጥርት ያለ ምሽት ከሥራ ሲመለሱ ውጭ አስቁማቸውና አንድ ኮከብ አሳያቸው፤ ሰዓቱንም ያዙ። በማግስቱ ያው ኮከብ እዚያው ቦታ የሚደርሰው አራት ደቂቃ ቀድሞ ነው። ለምን እንደሆነ በአማርኛ ማስረዳት ከቻልክ፣ ያኔ ፈቃዱን የምታገኝ ይመስለኛል።

ሰላም ሁኑ። ምክር የሚሻ የኢንጂነሪንግ ተማሪ በቤታችሁ ካለ አካፍሉት።