የሜዳካ ዓሣ ታሪክ

ታሪክ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የነገሥታትና የጦርነት ነገር ነው። ነገር ግን ትንሽ ዓሣም ታሪክ አላት። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በጃፓን አገር ሜዳካ ስለምትባለው ዓሣ ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሜዳካ ርዝመቷ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ የምትኖረው በሩዝ እርሻ ውኃና በቦይ ውስጥ ነው። ብርድ ትችላለች፤ የውኃው ገጽ በረዶ ቢሆንም ከሥሩ ሆና ታልፈዋለች። የትንኝ እጭም ትበላለች። በኤዶ ዘመን፥ ማለት ከ1603 እስከ 1868 ድረስ፥ ጃፓናውያን ቀለማቸው ያማረውን እየመረጡ በደጃቸው በሸክላ ጋንና በገንዳ ያረቧቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሜዳካ የሊቃውንት ረዳት ሆነች። በ1921 አይዳ ታትሱዎ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ፥ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ቀለም እንዳላት ገለጠ። በ1994 ደግሞ 4 ሜዳካዎች በኮሎምቢያ መንኰራኵር ወደ ጠፈር ሄደው በዚያ እንቁላል ጣሉ፤ ከእንቁላሉም ጫጩት ተፈለፈለ።

ዳሩ ግን ቦዮቹ በሲሚንቶ ሲሠሩ፥ በእርሻውም የተባይ መድኃኒት ሲረጭ፥ የወንዟ ሜዳካ እየተመናመነች ሄደች። በ1999 የጃፓን መንግሥት ለጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ጋር መዘገባት። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች አዝነው በቤታቸው ያረቧትን ወደ ወንዝ ለቀቁ። ይህ ግን ሌላ ጉዳት ሆነ፤ የጋኗ ዓሣ ከወንዟ ስትዳቀል የየወንዙ ልዩ ዘር ይደባለቃልና።

ከዚህ የምንማረው፥ ዓሣን በጋን ማርባት መልካም ሥራ ቢሆንም ወንዝን እንደማይተካ ነው። ጋኑን የሚወድ ወንዙንም ይጠብቅ።