የመኪና አምሳል

በእጅ የሚሠራ የመኪና አምሳል፣ የታላቁን ተሽከርካሪ መልክ በታናሽ ልክ ጠብቆ፣ ተዘጋጅቶ የተሸጠ ክፍል ሳይገባበት፣ ከሽቦ፣ ከጣሳና ከቆርኪ የሚበጅ የጥበበ እድ ፍሬ ነው። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ እንደ ሌላው የአገራችን ሰፈር ሁሉ የልጆች የሽቦ መኪና የታወቀ ሲሆን፣ ጎረቤቱ መርካቶም በምናለሽ ተራ የወደቀውን ብረት ቀጥቅጦ ለአዲስ ግብር በማብቃት የዚሁ ጥበብ ታላቅ ወንድም ነው።

ሥራው ከልክ ይጀምራል። ለምሳሌ በቀጥተኛ ጎዳና የሚሽቀዳደም፣ የኋላ ጎማው ቁመት 91 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ መኪና 25 ጊዜ አንሶ እንዲሠራ ቢፈለግ፣ የጎማው ቁመት በ25 ሲካፈል 3.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጦ ይወጣል። ቀጭን ሽቦ በሚስማር ላይ ሲጠመጠም ሞላ፣ የእስክሪብቶ ቀፎ ተቆራርጦ የሞተሩ ስምንት ሲሊንደሮች የጭስ ማውጫ፣ ከስልክ ገመድ የተፈለቀቀው መዳብም የካንዴላ ሽቦ ይሆናል።

ስለዚህ ይህ ሥራ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን፣ እጅን ለትዕግሥት፣ ዓይንን ለመጠን፣ ልቡናንም ለማስተዋል የሚያሠለጥን የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው።